በአዲስ አበባ ከጓደኞች ጋር ወጥቶ ያልተለመደ ምግብ ለመቅመስ የሚረዳ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አራትም ሆኑ ስምንት ሆነው በአዲስ አበባ ከቤት ውጪ ለመመገብ ለሚያስቡ፣ ከተለመደው ጥብስና በየዓይነቱም አለፍ ብለው አዲስ ነገር መሞከር ለሚፈልጉ ወዳጆች ነው። ከተማዋ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የመጣ ሰው የሚኖርባት በመሆኗ ከዓጋመ ጥሕሎ እስከ ወለጋ አንጮቴ፣ ከጉራጌ ክትፎ እስከ ሶማሌ የግመል ሥጋ ድረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉም አለ። ይሁንና አብዛኛው የጓደኛ ስብስብ «የት እንሂድ?» በሚለው ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ካባከነ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት በተቀመጠበት ቤት ባለፈው ሳምንት ያዘዘውን አዝዞ ይመለሳል።

ለዚህ ዋናው ምክንያት የውሳኔው ቅደም ተከተል መገልበጡ ይመስለኛል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሰፈር ይመርጣል፣ ከዚያ ቤት ይመርጣል፣ ምግቡን የሚመርጠው ተቀምጦ ሜኑ ሲቀርብለት ነው። በአዲስ አበባ የሚያዋጣው ግን ከሰው ተነሥቶ ወደ ምግብ፣ ከምግብ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሰዓት መሄድ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም በዚሁ መንገድ ተደርድረዋል።

ደረጃ 1፦ የሚመጡትን ሰዎች ሁኔታ መጠየቅ

ቀን ከመቆረጡ በፊት ስለ ጾም፣ ስለ ዕርድና ስለ ጤና መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው በቡድን መልእክት ሳይሆን ለየብቻ ቢቀርብ ይሻላል፤ ሰው በብዙኃን ፊት «እኔ ይህን አልበላም» ማለትን ይሸማቀቃል፤ «ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» ብሎ ዝም ይልና ገበታው ላይ ቆሎ ሲቆረጥም ያመሻል።

ከጾም እንጀምር። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ረቡዕና ዓርብን ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በስተቀር ይጾማሉ። በዚያ ላይ 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ፣ ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾምና ሌሎችም አሉ። ስለዚህ ዓርብ ምሽት ለቢሮ ሠራተኛ እጅግ አመቺ ቢሆንም ለክትፎ የተመቸ ቀን አይደለም። ሁዳዴ ሲገባ ብዙ ሥጋ ቤቶችና ክትፎ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ፊታቸውን ወደ ጾም ምግብ ያዞራሉ። አሳን በተመለከተ የጾመኛው ልማድ አንድ ዓይነት አይደለምና «አሳ እንኳ ይበላል» ብሎ ከመገመት መጠየቅ ይበልጣል። ሰዓት ጠብቆ የሚጾም ሰውም አለ፤ እንዲህ ያለው ጓደኛ በምሳ ሰዓት ከተጋበዘ ሌላው ሲበላ ያያል ማለት ነው፤ ቀጠሮውን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማድረግ ነገሩን ያቃልለዋል። በረመዳን ደግሞ ቀጠሮው ከመግሪብ በፊት እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው፤ እንዲያውም የአፍጥር ሰዓት ሾርባውና ሳምቡሳው ትኩስ የሚገኝበት በመሆኑ የማይጾመውም ቢሆን አብሮ ቢቀመጥ ይጠቀማል።

የዕርድ ጉዳይ በአገራችን ለሚኖር ሰው አዲስ አይደለም። በልማድ ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶችም ይህንን በመስቀል፣ በጨረቃ ወይም «የሙስሊም ምግብ ቤት» በሚል ጽሑፍ ያሳውቃሉ። ስብስቡ የተቀላቀለ ከሆነ አስታራቂው መንገድ የጾም ምግብ ወይም አሳ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር አለ፤ አሳው ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ወይም መጥበሻ እንዳይጠበስ አስተናጋጁን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በተመሳሳይ ሁኔታ በክትፎ ቤት የሚቀርብ ሽሮ ቅቤ ሊገባበት ስለሚችል ጾመኛ ካለ «ቅቤ አለው?» የሚለው ጥያቄ መዘንጋት የለበትም።

ስለ ጤና የሚነሣው ዋናው ነገር ጥሬ ሥጋ ነው። ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያስተላልፋል፤ ይህ ማንም የሚያውቀው ነገር ቢሆንም ሥጋው ፊት ሲቀርብ የሚረሳ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ጓደኛ ጥሬም ሆነ ለብ ለብ መብላት የለባትም። ጨጓራ ያለበት ሰው ካለም ሚጥሚጣውና ዳጣው ለብቻ እንዲቀርብ ማዘዝ ብቻ በቂ ነው፤ ቤት መለወጥ አያስፈልግም።

ደረጃ 2፦ ምግቡን መርጦ በዚያ ምግብ የታወቀውን ቤት መፈለግ

የአዲስ አበባ ጥሩ ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ በአንድ ነገር የተካኑ ናቸው። ክትፎ ቤት ክትፎ ይሠራል፤ ሥጋ ቤት ጥሬና ጥብስ ያቀርባል፤ ሽሮ ቤት ተጋቢኖውን በሸክላ እየፈላ ያመጣል፤ አሳ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ኬክ ቤት፣ ጠጅ ቤት እያለ ይቀጥላል። ሜኑው አሥር ገጽ የሆነና ከበርገር እስከ ዶሮ ወጥ ሁሉንም እሠራለሁ የሚል ቤት ለስብሰባ እንጂ ለመብል አይመረጥም። ይህ አስተያየት ነው፤ ግን በብዙ ገበታ የተፈተነ አስተያየት ነው።

ስለዚህ «ዛሬ ምን እንቅመስ?» የሚለው ከተወሰነ በኋላ ቤቱን ለማግኘት የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነው። የሚያውቅ ሰው ማለት ምግቡ የአገሩ የሆነ ሰው ነው። ስለ ቆጮና ክትፎ የጉራጌ ጓደኛ፣ ስለ ጥሕሎ የትግራይ ልጅ፣ ስለ አንጮቴ የወለጋ ሰው፣ ስለ ሩዝና ግመል የሶማሌ ጎረቤት ይጠየቃል። ሲጠየቅም «ጥሩ ቤት የት አለ?» ከማለት «እናንተ ቤት እንግዳ ሲመጣ ወጥታችሁ የምትበሉት የት ነው?» ማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል። ሁለተኛው የመረጃ ምንጭ የራይድና የፈረስ ታክሲ ሾፌሮች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከተማውን ስለሚዞሩ በየሰፈሩ ርካሽና የሚያጠግበው የት እንዳለ ያውቃሉ። በቲክቶክ የሚታየው ቤት ግን አንዳንድ ጊዜ ከምግቡ ይልቅ መብራቱ ያማረ ነው።

አሁን ባለው ሁኔታ መታለፍ የሌለበት ነገር ቤቱ ቦታው ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ከተጀመረው መልሶ ማልማትና ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ፒያሳና ካዛንቺስን ጨምሮ በብዙ ሰፈሮች የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከፊሎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል፤ ከፊሎቹም በዚያው ቀርተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የበሉበትን ቤት ለማሳየት ስድስት ሰው አስከትሎ ሄዶ አጥር ፊት መቆም ያሳፍራልና ስልክ መደወል ግድ ነው።

ደረጃ 3፦ ሰዓትና መገናኛ መወሰን

እያንዳንዱ ምግብ ሰዓት አለው። ዱለት የጠዋት ነው፤ ሆድ ዕቃው ሌሊት ከታረደው በግ ወይም በሬ የሚወጣ ስለሆነ ከረፋዱ በኋላ ትኩስነቱ ይቀንሳል። ፉል፣ ጨጨብሳና ፈጢራም የቁርስ ናቸው። ክትፎ በምሳ ሰዓት ይሻላል፤ ከባድ በመሆኑ ማታ ተበልቶ ከተተኛበት እንቅልፍ ይነሣል። ጥሬ ሥጋ ከምሳ እስከ አመሻሽ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ፣ ሥጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ አዲስ የሚሰቀልበት ሰዓት ነው። የመንገድ ዳር ምግብ፣ ማለትም ዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንች ተሞልቶ ዳጣ የሚፈስበት እርጥብ፣ ፓስቲና ሳምቡሳ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይደምቃል።

መገናኛን በተመለከተ ቤቱ ድረስ ሁሉም በየራሱ እንዲመጣ ከማድረግ በሚታወቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ወይም አራት ኪሎ፣ ተገናኝቶ አብሮ መግባት ይመረጣል። ቀጠሮው ሰባት ሰዓት ከሆነ ወንበር ማስያዝ የሚገባው ለሰባት ተኩል ነው፤ ምክንያቱን ማብራራት አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ ከመቀመጥ በፊት ቤቱን ማየት

ቤት ሲገባ ወንበር ከመያዝ በፊት እጅ ለመታጠብ ወደ ውስጥ መዝለቅ ተገቢ ነው። ውኃ መኖሩ፣ ሳሙና መኖሩና የመታጠቢያው ንጽሕና ስለ ማድ ቤቱ ብዙ ይናገራል። ቀጥሎ በሌሎች ሰዎች ገበታ ላይ ያለውን ማየት ነው፤ አሥር ጠረጴዛ ሁሉ አንድ ዓይነት ምግብ ከያዘ የቤቱ ሙያ ያ ነው፤ ሌላ ማዘዝ አይገባም። ንጹሕ የሆነና ባዶ የሆነ ቤት በምሳ ሰዓት ሲገኝ ደግሞ ጥርጣሬ ያሳድራል።

ደረጃ 5፦ ማዘዝ

የዚህ መመሪያ ዋና ሕግ ይህ ነው፤ ለሰው ቁጥር ያህል አይታዘዝም፤ በአንድ ጊዜም ሁሉ አይታዘዝም፤ ካልተለመደው ጋር ሁልጊዜ የተለመደ አብሮ ይታዘዛል። ለስድስት ሰው አራት ምግብ ይበቃል፤ ሦስቱ ሁሉም የሚያውቋቸው፣ አንዱ ማንም ያልቀመሰው ይሁን። ያልታወቀው ከተወደደ ይደገማል፤ ካልተወደደም የተራበ ሰው አይኖርም። ሁሉም በአንድ ትሪ የሚበላበት ባህላችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ በየሳህኑ በሚበላበት አገር አንድ ሰው ያዘዘው ካልጣመው ብቻውን ይቸገራል፤ እዚህ ግን አንድ ጉርሻ ቀምሶ ወደ ጎን መሄድ ነው።

በክትፎ ቤት ለምሳሌ ስድስት ሰው ቢቀመጥ ሁለት ክትፎ፣ አንዱ ለብ ለብ ሌላው የበሰለ፣ አንድ ጎመን ክትፎ፣ ጥሬ ለማይወድ ደግሞ አንድ ጥብስ ይበቃል። የበሰለውና ለብ ለብ ያለው በተለያየ ጣባ እንዲመጣ መናገር ይገባል፤ ካልተነገረ አስተናጋጁ በአንድ ላይ ሊገለብጠው ይችላል። ቆጮና አይብ ከክትፎው ጋር የሚመጡ ናቸው፤ ተጨማሪው ግን ዋጋ ሊኖረው ስለሚችል መጠየቅ ነው። የክትፎ ጥሩነት የሚታወቀው በቅቤው ነው፤ ኮረሪማው የሚሸት፣ ያልከረረና ሥጋውን የሚያርሰው እንጂ የማያጠልቀው መሆን አለበት። ሥጋው ደግሞ በቢላዋ የተከተፈ ሲሆን ምላስ ላይ ይታወቃል፤ በማሽን የተፈጨው እርስ በርሱ ይያያዛል። ቆጮው ከመቅረቡ በፊት እንዲሞቅ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የቀዘቀዘ ቆጮ የመጀመሪያ ጊዜ ቀማሽን ለዘላለም ያስቀይማል።

በሥጋ ቤት ያለው አዘዛዝ የተለየ በመሆኑ ዘርዘር አድርጎ መግለጽ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ወንበር ሳይሆን ነጭ ጋውን ለብሶ ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ወደሚቆመው ቆራጭ ነው። ሥጋው ላይ የቄራ ማኅተም መኖሩ ይታያል። ቀለሙ ደማቅ ቀይ፣ ላዩ ያልረጠበ፣ ጮማው ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ክፍሉ ይመረጣል፤ ለጥሬ የሚሆኑት ለስላሳው ጭቅና፣ ሽንጥ፣ ታላቅና ታናሽ ናቸው፤ ጮማ የሚወድ ከሻኛ ትንሽ ያስጨምራል፤ ጎድንና ዳቢት ለጥብስ ይሄዳሉ። ቆራጩን «ዛሬ የቱ ያምራል?» ብሎ መጠየቅ አይጎዳም፤ ነገር ግን የጠቆመው ቦታ ሲቆረጥ ቆሞ ማየት፣ ሚዛኑንም ማየት ይገባል። ዋጋው በኪሎ ስለሆነ አጥንት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ከመቆረጡ በፊት የሚነሣ ጥያቄ ነው።

ለአራት ሰው አንድ ኪሎ፣ ግማሹ ጥሬ ግማሹ ጥብስ ተብሎ ቢታዘዝ ለመጀመሪያ ዙር ይበቃል። ጥብሱ ደረቅ ይሁን ወይስ ለስለስ ያለ፣ ቃሪያና ሽንኩርቱ ይብዛ ወይስ ይነስ የሚለውም አብሮ ይነገራል። ጥሬው ከአዋዜ፣ ከሚጥሚጣና ከሰናፍጭ ጋር ይቀርባል። አዲስ ጀማሪ በትልቁ ለመቁረጥ መሞከር የለበትም፤ በስስ ቆርጦ፣ በእንጀራ ይዞ፣ አዋዜ አስነክቶ መጀመር ነው። ፈርቶ ያልጀመረውን ሰው መጎትጎትም አያስፈልግም፤ ጥብሱ የታዘዘው ለዚሁ ነው።

ደረጃ 6፦ ያልተለመዱትን መፈለግ

ለጓደኞች ስብስብ ከሁሉ የሚያስደስተው ጥሕሎ ነው ባይ ነኝ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በውኃ ታሽቶ ጠጠር ያለ ሊጥ ይሆናል፤ አንድ ሰው ሊጡን እየቆነጠረ በመዳፉ መካከል ትንንሽ ድብልብል ያደርገዋል፤ ሌሎቹ በጫፉ በተሰነጠቀ እንጨት ድብልብሉን እየወጉ በመሃል ከተቀመጠው ቀይ የሥጋ ወጥ እያጠቀሱ ይበላሉ። አጠቃቀሱ ቀላል ይምሰል እንጂ ድብልብሉ ወጡ ውስጥ መውደቁ አይቀርም፤ ሲወድቅም ሳቅ ነው። በትግራይ ባህላዊ ምግብ ቤቶች ይገኛል፤ ሁሉም ቤት በየቀኑ ስለማያዘጋጀው ግን ቀድሞ ደውሎ ማስያዝ ይበጃል። በጾም ወቅት ያለ ሥጋ የሚሠራበት ቤትም አለ።

አንጮቴ ከወለጋ የሚመጣ ሥራ ሥር ነው። ተቀቅሎና ተልጦ በቅቤና በቅመም ይቀርባል፤ አይብም አብሮት ይመጣል። ጣዕሙ ረጋ ያለ ስለሆነ ከሚያቃጥል ምግብ በኋላ ከታዘዘ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ መቅረብ አለበት። የኦሮሞ ባህላዊ ምግብ በሚያቀርቡ ቤቶች ከጩምቦና ከማርቃ ጋር ይገኛል። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ለስድስት ሰው አንድ ሳህን ለመቅመሻ ይበቃል።

ሆድ ዕቃ የሚወዱ ሰዎች ሦስት መንገድ አላቸው። ዱለት ጨጓራ፣ ጉበትና ቀይ ሥጋ በደቃቁ ተከትፎ በቅቤ፣ በሚጥሚጣ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የሚሠራ ነው፤ እንደ ክትፎው ሁሉ ለብ ለብ ወይም የበሰለ ተብሎ ይታዘዛል። ምላስ ሰንበር ምላስና ጨጓራ ተቀቅሎ የሚዘጋጅ ሲሆን ከድራፍት ጋር በሚቀርብባቸው ቤቶች በብዛት ይገኛል። ትሪፓ ደግሞ ከጣሊያኖች የቀረልን ነው፤ ጨጓራው በቲማቲም ሥጎ ተሠርቶ በዳቦ ይበላል። ሦስቱንም አንድ ቀን ማዘዝ አይመከርም።

ወደ ቦሌ ሚካኤል መሄድ ለብዙዎች ሌላ ከተማ የመግባት ያህል ነው። በሰፈሩ የሶማሌ ማኅበረሰብ በብዛት ስለሚኖር የግመል ሥጋ፣ የግመል ወተትና በቅመም የተሠራ ሩዝ የየዕለት ምግብ ነው። አበላሉም ራሱ ለጀማሪ ያስደንቃል፤ ሾርባ ቀድሞ ይቀርባል፤ ከዚያ ሩዙ በትልቅ ሳህን ከሥጋው ጋር ይመጣል፤ ከጎኑም ያልተላጠ ሙዝ ይቀመጣል። ሙዙ ለማጣጣሚያ ተብሎ መጨረሻ ላይ የሚበላ አይደለም፤ ተልጦ፣ እየተቆረሰ፣ ከሩዙና ከሥጋው ጋር በአንድ ጉርሻ የሚበላ ነው። የሙዙ ጣፋጭነት ከሩዙ ጨውና ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ግር ይላል፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ይለመዳል። የግመል ወተት ሆድ ለማያውቀው ሰው ስለሚያላላ በግማሽ ብርጭቆ መጀመር ነው፤ የጢስ ሽታ ቢኖረው አልተበላሸም፤ ዕቃው ስለሚታጠን ነው። በስብስቡ ውስጥ ኦርቶዶክሳዊ ካለ ግን የግመል ሥጋ ለብዙ ምእመናን የማይበላ መሆኑን አስታውሶ ደረጃ 1 ላይ መጨረስ እንጂ ሳህኑ ከቀረበ በኋላ ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው ባስታ (ፓስታ) በአትክልት አለ፤ እርሱንም በእጅ ጠቅልሎ የሚበላ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ አይታጣም።

የየመን ምግብ ቤቶችም በከተማዋ አሉ። መንዲ የሚባለው ሥጋና ሩዝ በትልቅ ትሪ ስለሚቀርብ ለስምንት ሰው እንኳ አዘዛዙ ቀላል ነው።

በጾም ቀን ያልተለመደ ነገር አይገኝም የሚል ሰው ተሳስቷል። የአሳ ዱለት፣ የአሳ ጎረድ ጎረድ፣ የቡላ ገንፎ በዘይት፣ የሱፍ ፍትፍት ሁሉ ለጾመኛ የተሠሩ ናቸው፤ አሳውን አሳ ለሚበላ ማለቴ ነው። በፒያሳ የሚገኘውና በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል እንደሆነ የሚነገርለት ጣይቱ ሆቴል በምሳ ሰዓት በሚያቀርበው የጾም ቡፌ ለረጅም ዓመታት ታውቋል፤ አንድ ሰው በአንድ ዋጋ ሁሉንም ስለሚቀምስ ከውጭ አገር ለመጣ እንግዳ ጥሩ መነሻ ነው።

ደረጃ 7፦ በገበታው ላይ

ትሪው ሲቀመጥ ሁሉም በፊቱ ካለው ይጀምራል፤ መሃል ያለው አዲስ ምግብ ግን ለሁሉም በእኩል እንዲዳረስ አንድ ሰው በማንኪያ እያካፈለ በየሰው ፊት ያስቀምጠው። ይህ ካልተደረገ ፈጣን በላተኛ ቀማሹን ይቀድመዋል። ጉርሻ መስጠት ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ አንድን ሰው እርሱ የማያውቀውን ምግብ በድንገት ማጉረስ ክብር አይደለም፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ይነገረው። ፎቶ ለሚያነሡ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ሌሎች ተመጋቢዎችን ሳያስገቡ ይሁን፤ ሽሮም ሆነ ክትፎ ሲቀዘቅዝ ውበቱን ያጣል።

የታሸገ ውኃ ማዘዝና ጥሬ ሰላጣን ቤቱን ካላወቁ በስተቀር መተው ከሚቀጥለው ቀን ሕመም ያድናል።

ደረጃ 8፦ ሒሳብ

ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ ላይሆን ይችላል። በብዙ ቤቶች 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በአንዳንዶቹም 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ በላዩ ይታከላል። የምግቡ ዋጋ 3,000 ብር ቢሆን፣ የአገልግሎት ክፍያው ሲጨመር 3,300፣ ታክሱ በዚህ ላይ ሲሰላ ደግሞ 3,795 ብር ይደርሳል፤ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 632 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ሜኑውን አይቶ 500 ብር ይዞ የተቀመጠ ጓደኛ እዚህ ላይ ይጨነቃል። ስለዚህ «ታክስን ይጨምራል?» የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው ከማዘዝ በፊት ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ የሚነሣው «እኔ ነኝ የምከፍለው» የሚል ግብግብ ውብ ልማድ ቢሆንም፣ ገቢያቸው የተለያየ ወዳጆች በየወሩ ለሚገናኙበት ስብስብ አይበጅም፤ ሦስት ጊዜ የተጋበዘ ሰው አራተኛው ላይ ጥሪውን በሰበብ ያልፈዋል። አስቀድሞ «በማዋጣት ነው» ብሎ መናገር ሁሉንም ነፃ ያወጣል። አሠራሩም ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ደረሰኝ ተቀብሎ ይከፍላል፤ ሌሎቹ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተለመደው ቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ድርሻቸውን ከወንበር ሳይነሡ ይልኩለታል። መጠጥ የሚጠጣና የማይጠጣ ካለ የመጠጡ ሒሳብ ለብቻ እንዲወጣ ማድረግ ፍትሐዊ ነው። አንድ ሰው መጋበዝ ከፈለገ ደግሞ ከመጋበዙ በፊት ያሳውቅ፤ ያን ጊዜ ተጋባዡም በመጠኑ ያዛል።

ደረሰኙ ሲመጣ በመስመር በመስመር ይነበብ። ያልታዘዘ ውኃ፣ ሁለቴ የተመዘገበ እንጀራ ወይም ያልመጣ ሰላጣ አንዳንድ ጊዜ ይገኝበታል፤ በጨዋ ቃል ሲነገር ይስተካከላል። የአገልግሎት ክፍያ ከተቆረጠም በኋላ ቢሆን ለአስተናጋጁ በእጁ ጥቂት ብር መስጠት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ «ዛሬ ይህን ተዉት፣ ያኛውን እዘዙ» የሚል ሐቀኛ ምክር ያስገኛል።

ደረጃ 9፦ ከምግብ በኋላ

ማጣጣሚያን በዚያው ቤት ማዘዝ ግዴታ አይደለም፤ በእግር ትንሽ ሄዶ ሌላ ቤት መግባት ምግቡንም ያወርዳል። ጁስ ቤት ከተገባ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በየተራ ተደርበው ከላዩ ሎሚ የሚጨመቅበት ስፕሪስ በማንኪያ የሚበላ ስለሆነ ሁለት ሰው አንዱን ይካፈል። ቡና ለሚፈልጉ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና እየቆላ የሚሸጠው ቶሞካ ቆሞ በመጠጣት ይታወቃል፤ ከከባድ ክትፎ በኋላ መቆሙም አይጎዳም። ጠጅ ቤት የሚመርጡ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ ብለው ያዝዛሉ፤ ደረቁ በብርሌ ትንሽ መስሎ ይታይና ሲነሡ ይታወቃልና መኪና የሚነዳ ሰው ብርዝ ይዘዝ። ወደ ቤት የሚመለሱበት መኪና ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ቢጠራ የሚኒባስ ተራውም ሆነ የራይድ ዋጋው ይቀላል።

ከመለያየት በፊት አንድ ሰው የቤቱን ስም፣ የስልክ ቁጥሩን፣ የታዘዘውን ምግብና የተከፈለውን ዋጋ በጋራ ቴሌግራም ላይ ይጻፍ፤ ቦታውንም በሎኬሽን ይላክ። ካልጣመው ምግብ አጠገብም «አይደገምም» ብሎ ማስፈር ነው። ቀጣዩን ምግብ የሚመርጠውም ዛሬ ያልመረጠው ሰው ይሁን፤ ስሙ በዚያው ዝርዝር ሥር ይጻፍ።